የበሩ ውጭኛው ፊት

ክሊፎርድ ሆልጌትን ክፉ ሰው ነው የሚል ካለ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ፈሪ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል። ክፉውን አይተህ ትሸሸዋለህ፣ ፈሪውን ግን ሻይ አፍልተህለት አብረኸው ትቀመጣለህ።

እኔ ኖርማ እባላለሁ። አክሪንግተን ከተማ ገበያ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አይብ ስሸጥ ኖሬ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ እዚህ ሕንፃ ምድር ቤቱ ላይ ገባሁ። ክሊፎርድና ሚስቱ አይሪን ከእኔ በላይ ናቸው። ወይዘሪት ሄስተር ደግሞ ከነሱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴን ልብ በሉልኝ፣ ነገሬ እሱ ነው።

ሁላችንም የቤታችን ግማሽ ባለቤቶች ነን። ግማሹን እኛ ገዝተናል፣ ግማሹ የቤቶች ማኅበሩ ነው፣ ለሱ ድርሻ ኪራይ እንከፍላለን። ጥገናው ግን ግማሽ በግማሽ እንዳይመስላችሁ። የግድግዳው ቀለም የኛ፣ ግድግዳው የነሱ። የመስኮቱ መስታወት የኛ፣ ፍሬሙ የነሱ። ቧንቧው ክፍላችን ውስጥ እስካለ የኛ፣ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ የነሱ። የመግቢያ በሩማ ጉድ ነው! ውስጠኛው ፊት የኛ፣ ውጭኛው ፊት የነሱ። አንዱን ሳንቃ ለሁለት ቆራርሰው ሰጡን እኮ! ይህንን ልታስረዳን የመጣችውን የማኅበሩን ልጅ ወይዘሪት ሄስተር ምን አሏት መሰላችሁ፦ «እንግዲያው ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ የሚደበደበው የናንተ ነው፣ የምደነግጠው ግን እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ክሊፎርድ ግን አልሳቀም። ለክሊፎርድ በር ቀልድ አይደለም።

ያደገው በማዘጋጃ ቤቱ የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነው። እዚያ ሰፈር በሩ ሁሉ አረንጓዴ ነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሲቀባ አንድ በርሜል ቀለም ይዞ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ነው የሚቀባው። ኋላ ተከራይ ቤቱን መግዛት ይችላል ተባለ። የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ነበር? አልጋ አይለውጥ፣ ምንጣፍ አያነጥፍ፣ በሩን ነው የሚቀይረው። ቀይ፣ ነጭ፣ መስታወት ያለው፣ የነሐስ ማንኳኪያ ያለው። መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ማን ባለቤት ማን ተከራይ እንደሆነ ከበሩ ያውቃል። የክሊፎርድ አባት መግዛት አልሆነላቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ በመንገዱ ላይ የነሱ በር ብቻ አረንጓዴ ቀረ። የሰፈሩ ልጆች በዚያ ሲያልፉ «የሰው ቤት! የሰው ቤት!» እያሉ ይጮሁ ነበር አለኝ፣ አንድ ቀን ሞቅ ብሎት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል አይደል።

ታላቅ ወንድሙ ስታን ኋላ የራሱን ቤት ገዛ፣ በሩ ላይም የአንበሳ ራስ ሰቀለበት። ስታንን ባታውቁት ይሻላችኋል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ የሚያንኳኳ ሰው ነው። ክሊፎርድ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በስተርጅና ይህቺን ቤት ሲገዛ ለስታን «ገዛሁ» ብሎ ነገረው። ግማሽ የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀረች። አይሪን አጠገቡ ቆማ ነበር፣ እሷም ባሏን ሰው ፊት ውሸታም አላሰኝም ብላ ዝም አለች።

ስታን ሊጠይቃቸው መጣ። ደረጃውን እየተነፋፈሰ ወጣና በሩ ፊት ቆመ። የሁላችንም በር አንድ ዓይነት ነበር፤ ግራጫ፣ ከባድ፣ ከላይ በኩል በሩን ራሱ መልሶ የሚዘጋ የብረት ክንድ ያለው።

«ምነው ክሊፍ፣ ቤትህ ሆስፒታል መሰለሳ!» አለው። «ሐኪሙ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

«ልቀይረው ነው» አለ ክሊፎርድ።

«ቀይረው እንጂ! የገዛ ቤቱን በር ለመቀየር ማንን ያስፈቅዳል ሰው?»

በቃ፣ ይቺ ነገር ሰውዬውን እንቅልፍ ነሳችው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የኦክ እንጨት በር አመጣ። መሃሉ ላይ ባለ ቀለም መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ። ሲያምር! እኔም ወጥቼ በእጄ ዳስሼዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ወይዘሪት ሄስተር የሎሚ ኬክ ጋግረው ወረዱና «ክሊፎርድ ልጄ፣ ይሄማ የካቴድራል በር ነው። ጳጳሱ ውስጥ ናቸው?» አሉት። ክሊፎርድ ጆሮው ድረስ ቀላ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተደስቶ አላየሁትም።

የብረቷን ክንድ አልመለሳትም። «የሕዝብ ሽንት ቤት ታስመስለዋለች» አለ። እውነቱን ለመናገር ያቺን ክንድ የሚወዳት አልነበረም። ከገበያ ዕቃ ተሸክመህ ስትገባ በሩን ጀርባህ ላይ ታላትመዋለች። አሮጌውን በር ግን አልጣለውም። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤቱ ውስጥ አቆመው።

የማኅበሩ ልጅ ለሌላ ነገር መጥታ ደረጃው ላይ አዲሱን በር አየችው። አንኳኳች። እንዳጋጣሚ ስታን ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። «አቶ ሆልጌት፣ ይህ አይፈቀድም» አለችው። «የበሩ ውጭኛው ፊት የማኅበሩ ነው። ደግሞ እኮ ክንዷ ለጌጥ አይደለችም፣ እሳት ቢነሳ በሩ ራሱ መዘጋት አለበት፣ አለዚያ ጭሱ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የድሮውን ይመልሱት።»

ክሊፎርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሚመጣው ሳምንት፣ በሚመጣው ሳምንት» እያለ ከደፉ ላይ ገፍቶ ሸኛት። ተመልሶ ሲገባ ስታን «ማናት?» አለው።

«ምንጣፍ ሻጭ ናት» አለ።

ይህንን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ኋላ ነው አይሪን የነገረችኝ። ልጅቱም ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ «በሚመጣው ሳምንት»ም ሳይመጣ ቀረ።

መኸር ላይ፣ አንድ ዓርብ ምሽት፣ አይሪን ድንች ልትጠብስ ዘይት ጥዳ እህቷ ስልክ ደወለች። እህቷ ደግሞ ወሬ ከጀመረች መጨረሻ የላትም። ዘይቱ ነደደ። ዞር ስትል ነበልባሉ መጋረጃውን ይዞታል። ክሊፎርድ እጇን ጎትቶ አወጣት፣ እግዜር ይስጠው፣ ሚስቱን ትቶ አልሮጠም። ያ የሚያምር በር ግን ከኋላቸው ተበርግዶ ቀረ። የሚዘጋው አልነበረም። ጭሱም እንደተባለው ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ሄደ።

አይሪን ደረጃው ላይ ሆና «ወይዘሪት ሄስተር! እሳት! ይውጡ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። የወይዘሪት ሄስተር በር ዝግ ነበር። ጩኸቱን ሰምተው ከፈቱት። በነጠላ ጫማ አንድ እርምጃ እንደወጡ ያ ጥቁር ጭስ ተቀበላቸው፣ እዚያው ደፋቸው ላይ ወደቁ። ይህንንም አይሪን ኋላ ነው የነገረችኝ።

እሳት አደጋዎች ፈጥነው ደረሱ። የተቃጠለው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ወይዘሪት ሄስተርን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲያወጧቸው አየሁ፣ አፍንጫቸው ሥር ጥላሸት፣ ዓይናቸው ክድን። ድመታቸውን አንዱ እሳት አደጋ በብብቱ ይዟት ወጣ። ስታን በነጋታው መጥቶ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «ምን አለበት፣ ኢንሹራንሱ አዲስ ወጥ ቤት ይሠራላችኋል፣ የቤቴ መቃጠል ለትኋኔ በጀኝ ማለት ይሄ ነው!» አለና ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

እሑድ እኔና አይሪን ሆስፒታል ወይዘሪት ሄስተርን ልንጠይቅ ሄድን። ክሊፎርድ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ቀረ። ስንመለስ ጽጌረዳዋ የለችም። አሮጌው ግራጫ በር ከነብረት ክንዱ ቦታው ላይ ተሰቅሏል።

«ምነው?» አልኩት።

«ጭስ በላው፣ ጣልኩት።»

እኔ ሞኟ ደግሞ አዘንኩለት። «እግዜር ይተካው» አልኩት፣ ሞት ይርሳኝ!

ማኅበሩ መርማሪ ላከ። ሰውዬው የክሊፎርድን በር ከፈተ፣ ለቀቀው፣ በሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ራሱ ተዘጋ። «ይሄ ደህና ነው» አለ። «እንዲህ ያለ በር እያለ ያን ያህል ጭስ ሴትዮዋ ጋ እንዴት ደረሰ?» ሁላችንንም ደረጃው ላይ አቁሞ ይጠይቀን ጀመር። ክሊፎርድን «ስትወጡ በሩ ተዘጋ?» አለው።

«እንደሚያዩት ነው፣ ራሱ ይዘጋል።»

«የወይዘሪት ሄስተር በርስ? ክፍት ነበር ዝግ?»

«አላየሁም።»

አንዲት ቃል ናት። አጠገቡ ነበርኩ፣ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ እኔም የእሑዱን የበር ልዋጭ ከጭሱ ጋር አላገናኘሁትም። አይሪን ወለሉን እያየች ነበር። ወይዘሪት ሄስተር ደግሞ ድመቷ እንደልቧ እንድትገባ እንድትወጣ በራቸውን አንዳንዴ በብስኩት ቆርቆሮ ደግፈው እንደሚተዉት ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። መርማሪው እኔንም ጠየቀኝ፣ «አዎ፣ አንዳንዴ» አልኩ። ነገሩ አለቀ። አሮጊቷ በሩን ከፍታ ረሳችው ተባለ።

ሆስፒታል ስገባ ወይዘሪት ሄስተር እጄን ይይዙኛል። «ኖርማ፣ እስቲ አስቢልኝ፣ ያን ቀን ቆርቆሮውን አድርጌው ነበር?» ይሉኛል። ጭሱ ያቺን ሰዓት ከጭንቅላታቸው ጠርጎ ወስዷታል። እኔ ምን ልበል? «ምናልባት» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላውንም ሁሉ ይጠራጠሩ ጀመር። ጋዙን ዘግቼው ይሆን? ቧንቧውንስ? ትናንት ማን ነበር የመጣው? ያ ሁሉ ፌዝ የት ገባ! ዕድሜያቸውን ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለሦስት መቶ ልጅ ምሳ ሲያበስሉ አንድ ድስት ያላሳረሩ ሴት «ጭንቅላቴ እየሄደ ነው መሰለኝ» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የእህታቸው ልጅ ጁዲት ክፉ አይደለችም፣ ደነገጠች እንጂ። «አክስቴ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም» አለች። ሞርካም ባሕሩ ዳር አንድ የአረጋውያን ቤት አስገባቻቸው። ቤታቸው ለሽያጭ ወጣ። ወይዘሪት ሄስተር አልተከራከሩም። ራሱን የማያምን ሰው በምን አፉ ይከራከራል?

ክረምቱን ክሊፎርድ ከሰው ተለየ። መንገድ ላይ ካየኝ ይሻገራል። እኔ የእሳቱ ድንጋጤ ነው ብዬ ሾርባ ሠርቼ እልክለት ነበር፣ ሾርባ!

አንድ ጠዋት አይሪን መጣችና ወጥ ቤቴ ውስጥ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

«ኖርማ፣ አላየሁም አለ እኮ» አለችኝ።

«ማን?»

«ክሊፎርድ። አይቷል። አብረን ነው ያየነው። ዝግ ነበር። በሩ ዝግ ነበር፣ እኔ ስጮህ ነው የከፈቱት።» ከዚያ ሁሉንም አወራችኝ፤ ስታንን፣ ምንጣፍ ሻጭ የተባለችውን ልጅ፣ እሑድ ዕለት ከዕቃ ቤት የወጣውን በር። «እኔም ዝም አልኩ» አለች። «ባሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ምግብ አልወርድ አለኝ።»

ጉልበቴን ረሳሁት። ያንን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ክሊፎርድ አዲሱ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ሻይ ፊቱ አስቀምጧል። ሲያየኝ ገባው። ኩምሽሽ አለ።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው ሾርባዬን ስትጠጣ የከረምከው?»

«ኖርማ፣ ቤቱን ይወስዱብኛል።»

«የትኛውን ቤት? የእሳቸውማ ተወስዷል!»

«ለመናገር አስቤ ነበር። መጀመሪያ ቀን አስቤ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላ ቀን አለፈ፣ ከዚያ ደግሞ... እስከዛሬ የት ነበርክ ቢሉኝስ?»

«ዝም አይነቅዝም ብለህ ነው? ይኸው ነቀዘ! ሸተተ!»

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። በጣቶቹ መሃል «ስታን ምን ይላል?» አለ። ይቺን ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ኩባያውን አንስቼ ልደፋበት ቃጥቶኝ ነበር።

«ስታን! አንዲት ሴት አብጃለሁ ብላ የሰው ቤት ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ አንተ ስታን ትለኛለህ? አባትህ በአረንጓዴ በር ገብተው በአረንጓዴ በር ወጥተው ማንን ጎዱ? ንገረኝ፣ ማንን?»

አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርም፣ ንፍጡም እንባውም አንድ ላይ ነው። እኔም ተቀመጥኩ። ተናድጄም አሳዘነኝ፣ ይህንን ደግሞ ጠላሁት። አይሪን በሩ ላይ ቆማ «ክሊፍ፣ ነገ ቅዳሜ ነው» አለችው። «ኖርማ በመኪናዋ ወይዘሪት ሄስተር ጋ ትወስድሃለች። ሰኞ ደግሞ ማኅበሩ ጋ ሄደህ ትናገራለህ። አለዚያ እኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።» በእርጋታ ነው ያለችው። አይሪን በእርጋታ ከተናገረች ጨርሳለች ማለት ነው።

በነጋታው የቀብር ሱፉን ለብሶ ወረደ። መንገዱን ሁሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ የሚለውን እያጠና ነው።  ሰውዬው ስንት ዘመን ሙሉ አውቶቡስ ሕዝብ ጭኖ የነዳ ነው፣ ያን ቀን ግን የመኪናዬን ቀበቶ ማሰር እንኳ አቅቶት እኔ ነኝ ያሰርኩለት።

ሞርካም ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ብቻ ተንጣሏል። ወይዘሪት ሄስተር በመስኮት በኩል ፀሐይ የምትገባበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ጁዲትም አለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሴትዮዋ አንሰዋል። ጭናቸው ላይ ቦርሳቸውን ይዘው መቆለፊያዋን ይነካሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግሞ ይነካሉ። «ጁዲት፣ ዘግቼዋለሁ?» ሲሉ ሰማሁ። «ዘግተውታል፣ አክስቴ» አለች ጁዲት፣ ብዙ ጊዜ እንደመለሰች ድምፅዋ ያስታውቃል።

ሲያዩን ደስ አላቸው። «ክሊፎርድ ልጄ! ቀብር ነበረብህ?»

ክሊፎርድ ያጠናው ሁሉ ጠፋው። ቆሞ ባርኔጣውን ሲያዞር ቆየ። ከዚያ ሳይተነፍስ አወጣው፤ «ወይዘሪት ሄስተር፣ በሩ የኔ ጥፋት ነው። ያ ባለ ጽጌረዳው ራሱ አይዘጋም ነበር። ቀይር ተብዬ አልቀየርኩም። ጭሱ በኔ በር ወጥቶ ነው እርስዎ ጋ የደረሰው። ከዚያ ደግሞ አሮጌውን መልሼ ሰቅዬ ዋሸሁ። የእርስዎ በር ዝግ ነበር። አይቻለሁ። አላየሁም አልኩ።»

ጁዲት ብድግ አለች። ፊቷ ነጣ። ይህንን ሰውዬ አሁን በጥፊ ልትለው ነው አልኩ፣ ብትለውም አልገላግልም ነበር።

ወይዘሪት ሄስተር ግን የጁዲትን እጅ ይዘው አስቀመጧት። «ቆይ» አሉ። «በሬ ምን ነበር አልክ?»

«ዝግ ነበር።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«በዓይኔ። አይሪን ስትጮህ ነው የከፈቱት።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ቆርቆሮ አልነበረም።»

«ጁዲት!» አሉ። «ሰማሽ? ዘግቼው ነበር! አልረሳሁም! ዘግቼው ነበር እኮ!» ፊታቸው በራ። ያንን ፊት ባላየሁ እላለሁ አንዳንዴ። ተቆጥተው ቢሆን ክሊፎርድ ይችለው ነበር፣ ለቁጣማ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እሳቸው ግን ሁለቱንም እጆቹን ያዙና «አመሰግንሃለሁ» አሉት። «አመሰግንሃለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ክረምቱን ሙሉ አብጃለሁ ብዬ...» አሉ። ክሊፎርድ እጁን ለመንጠቅ ሲታገል አየሁት። አለቀቁትም።

«እንግዲያው ቤቴ እገባለኋ!» አሉ ዞር ብለው። «ጁዲት፣ ቤቴ እገባለሁ!»

ጁዲት ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«አክስቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ቁልፉን ሐሙስ ዕለት አስረከብን። አዲሶቹ ሰዎች ገብተዋል።»

«ሐሙስ?» አለ ክሊፎርድ።

«ያለፈው ሐሙስ። ከትናንት በስቲያ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እኔም አብሬው ብገባ አልጠላም ነበር፣ «ምናልባት» ያልኩት ትዝ ብሎኛል። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኧረ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢናገር!  ሰኞ ማኅበሩ ጋ ሄዷል፣ ተናግሯልም፣ የሚገባውንም ተቀብሏል፣ ስታንም ሰምቶ የሚለውን ብሏል። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ከሆነው ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።

ወይዘሪት ሄስተር አላለቀሱም። ከዚያ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ምርኩዛቸውን አነሱ።

«ክንድህን ስጠኝ» አሉት።

«ወዴት ነው?»

«እዚህ ቤት ሁሉም የሚያውቀኝ በሯን ከፍታ የረሳችው እያለ ነው» አሉ። «የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ አያስነኩኝም። ና፣ ትነግርልኛለህ።»

ይዘውት ወደ ትልቁ ሳሎን ገቡ። እኔና ጁዲት ከኋላ ተከተልን። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴቶች የተቆራረጠ ሥዕል ይገጣጥማሉ። «ይሄ ክሊፎርድ ይባላል፣ ጎረቤቴ ነበር» አሉ ወይዘሪት ሄስተር። «ንገራቸው።» ነገራቸው። ከሴቶቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ቀጥል» አሉት፣ ወደሚቀጥለው ወሰዱት። ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለእሳቸውም ነገረ። ጋሪ የምትገፋውን ሠራተኛም አስቁመው አስነገሩት። በየጠረጴዛው ቆም ብሎ ያንኑ ይላል፤ በሩ የኔ ነበር፣ እሳቸው ዘግተው ነበር፣ አይቼ አላየሁም አልኩ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። እሳቸው ክንዱን ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጸድቃሉ።

መጨረሻ ላይ ጥግ ይዘው ወደተቀመጡ አንዲት አሮጊት አደረሱት። ነገራቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አለ?» አሉ።

«ጮክ በል፣ አትሰማም» አሉት ወይዘሪት ሄስተር።

ክሊፎርድ ጮክ አለ። ሳሎኑ ሁሉ ዞረ፣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋም ነበር። አሮጊቷ ወይዘሪት ሄስተርን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ገባኝ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልሰማችም» አሉት ወይዘሪት ሄስተር። «እንደገና።»